ሀቁን ሳይሰሙ ካቻቢቴ የማያነሱት አሚ ኑሩ

የአሚ ኑሩን ሞት የነገረችኝ አንዲት የማላውቃት በር ጠባቂ ናት። የመን፣ አደን፣ ኢንማ ከተማ በሚባለው ሰፈር የሴቶች ሠርግ ላይ ድምፅ እየሠራሁ ነበር፤ ስልኬ እንደ ሁሉም ሴት ስልክ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጧል። ሲጮህ ሴትዮዋ አንስታ፣ ዜናውን ሰምታ፣ በእኔ ፈንታ «አላህ ይርሐመው» ብላ፣ ትንሽም አልቅሳ፣ ከዚያ መጥታ በጆሮዬ ነገረችኝ። ሙሽራዋ እየገባች ስለነበር ሙዚቃውን ማቆም አይቻልም። የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ዘፈኑ ልቤን የነካው መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ።

በማግስቱ ሼክ ዑስማን በሚባለው የአደን ክፍል፣ ቃሂራ ሰፈር ካለው ቤታቸው ለተዕዚያ፣ ለለቅሶ ስሄድ ሰፈሩ በሙሉ ተሰብስቧል። ያዘነው ብዙ ነው፤ ሐዘኑም የእውነት ነው። ግን ልብ ብዬ ሳይ አንዳንዱ ሰው ሐዘኑ ላይ ትንሽ እፎይታ ጣል አድርጎበታል። አልፈረድኩበትም። አሚ ኑሩ የግማሹን የቃሂራ ሰው ምስጢር ይዘው ነው የተቀበሩት።

አሚ ማለት አደን ውስጥ አጎቴ እንደማለት ነው፤ የሥጋ አጎቴ ግን አልነበሩም። ከቤታችን ሥር ባለችው ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ፣ ማራገቢያ፣ ቴሌቪዥንና የሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚጠግኑ ጎረቤታችን ነበሩ። አባታቸው ከየመን ሐድረመውት ሄደው ደሴ የነገዱ፣ እናታቸው የወሎ ሴት። በጉርምስናቸው ወደ አደን መጥተው እዚሁ አረጁ። ሙያውን ያስተማራቸው በእንግሊዞቹ ጊዜ ወደብ ላይ ይሠራ የነበረ ሽማግሌ ስለሆነ፣ አንድ ሥራ ሲያልቅ «ፊኒሽ» ይሉና እጃቸውን ያራግፋሉ። ሁለት መነጽር ደርበው ያደርጋሉ፤ አንዱ ለቅርብ፣ ሌላው አንደኛውን ለማገዝ። ብሎን በአፋቸው ይዘው ያወራሉ። አንድ ቀን አንዱን ዋጡት፤ የሬዲዮው ባለቤት ለሦስት ቀን በየማለዳው እየመጣ በታላቅ ትሕትና «ደህና አደሩ? አዲስ ነገር አለ?» ይላቸው ነበር።

አሚ ኑሩ አንድ ሕግ ነበራቸው። ዕቃው እንዴት እንደተበላሸ ባለቤቱ እውነቱን ሳይናገር ካቻቢቴ አያነሱም። «ሀቁን አምጣ፣ ዕቃህን ውሰድ» ይላሉ። ሰው ደግሞ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው መዋሸት ነው፤ እኔም ያው ነኝ። አሚ ኑሩ መነጽሮቻቸውን አውልቀው በሽርጣቸው ጫፍ አንድ በአንድ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ዕቃውን ሳይሆን ሰውየውን ያዩታል።

«እንዴት ተበላሸ?»

«ዝም ብሎ ጠፋ አሚ።»

«ዝም ብሎ?»

«ወላሂ፣ ዝም ብሎ።»

«ማሻአላህ። በል ቁጭ በል።»

ይቀመጣል። ሱቋ በር የላትም፣ መንገዱ ላይ ናት፤ አላፊ አግዳሚው ይሰማል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰው ሁሉ ይለፈልፋል። አንድ የተከበሩ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ኳስ ሲያዩ ቴሌቪዥናቸውን በጫማ መምታታቸውን እዚያች በርጩማ ላይ ተናገሩ። አንዲት ጎረቤታችን የፀጉር ማድረቂያዋ የተቃጠለው ዓሣ ልታደርቅበት ስትሞክር እንደሆነ አመነች። አሚ ኑሩ የሰሙትን ለማንም አይደግሙም። የሚደግመው አላፊ አግዳሚው ነው።

ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የሴቶች ሠርግ ላይ ድምፅ መሥራት እፈልጋለሁ ብዬ ቤተሰቤን አስጨነቅኩ። አደን ውስጥ የሴቶች አዳራሽ ወንድ አይገባበትም፤ ስለዚህ ዘፋኟም፣ ፎቶ አንሺዋም፣ ድምፅ የምትቆጣጠረዋም ሴት መሆን አለባት። እንዲህ ያሉ ሴቶች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ያገለገለ ሚክሰር አገኘሁና አሚ ኑሩ አዩልኝ። አራት ቀዳዳ አለው፣ ሁለቱ የሞቱ ናቸው። «ሁለቱ ይበቁሻል፤ አንዱ ለዘፋኟ፣ አንዱ ለኦርጋኑ» አሉኝ። ወንድሜ ሙስጠፋ ግን ሌላ ሐሳብ ነበረው። የአክስታችን ልጅ ጅዳ ውስጥ የምሠራበት ቤት አግኝታልኛለች፤ ፓስፖርቴ በእሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

«አንድ ሠርግ እሰጥሻለሁ» አለኝ። «ከሆነልሽ ሆነ። ካልሆነ ጅዳ። ኸላስ፣ አለቀ።»

በእኛ ሙያ ሙሽራዋ ስትገባ ድምፅ ከጠፋ ሴቶቹ አይረሱልሽም። ከዚያ በኋላ ማንም አይጠራሽም። ስለዚህ ያ አንድ ሠርግ ሁሉ ነገሬ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ አዳራሹ ገና ባዶ ሳለ ዕቃዬን አሰናዳሁ። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ምን እንደሆነ አሁን አልናገርም፤ ለአሚ ኑሩም ወዲያው አልተናገርኩም። ብቻ የዘፋኟ ማይክ የሚሰካበት ጃክ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ገባ። ማይኩን ስሞክረው አንድ ጊዜ ጮኸ፣ አንድ ጊዜ እንደማስነጠስ አለ፣ ከዚያ ዝም። ሙሽራዋ የምትገባው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው። እንግዶቹ ደግሞ መምጣት ጀምረዋል፤ ዓባያቸውን እያወለቁ፣ በየመስተዋቱ ፊት ተሰልፈዋል።

የጎን በሩ ላይ የምትጠብቀው የሙሽራዋ አያት ናት። ናት ማለቴ አንድ ሰው ስለሆኑ ነው እንጂ ሐጃ ቀመር የአንድ ሙሉ ፖሊስ ጣቢያ ሥራ ይሠሩ ነበር። ከወፍራሙ መጋረጃ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው የስልኮቹን ቅርጫት፣ በሌላው የመዳዓቸውን ረጅም ቱቦ ይዘዋል፤ መዳዓ የአደን ሴቶች የሚያጨሱት የውሃ ሺሻ ነው። ለአሚ ኑሩ ልደውል ብዬ ስልኬን ስጠይቃቸው ቁጥሩን ራሳቸው መትተው፣ ፎቶ እንዳላነሳ ስልኩን ራሳቸው በጆሮዬ ላይ ያዙልኝ።

አሚ ኑሩ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ። ከመጋረጃው ማዶ፣ መተላለፊያው ላይ፣ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ሲቀመጡ ሰማሁ።

«ሐጃ፣ ይህችን ዕቃ ላውጣት፤ ጠጋኙ ውጭ ናቸው» አልኩ በዐረብኛ።

«አይወጣም። ልጆቻችንን ተገልጠው አይቷቸዋል።»

«ሐጃ፣ ሚክሰር እኮ ነው። ዓይን የለውም።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ቀዳዳ ምንድን ነው?»

ማስረዳት ጀመርኩ፣ ተውኩት። «እንግዲያው እሳቸው ይግቡ። ሽማግሌ ናቸው።»

«ሽማግሌ ወንድ አይደለም?»

ከመጋረጃው ማዶ አሚ ኑሩ «ሐጃ ልክ ናቸው» አሉ፤ ትንሽ ኩራት ቢጤም ሰማሁባቸው። ከዚያ ሁልጊዜ እንደምናወራው በአማርኛ ቀጠሉ። «ሙና፣ የምትበይጂው አንቺ ነሽ። እኔ እነግርሻለሁ።»

ብረት ይዤ አላውቅም ብል ሰሚ የለም። ይህን ጊዜ ደግሞ መብራት ጠፍቷል፤ የአዳራሹ ጀነሬተር የሚነሳው መግሪብ ላይ ነው። አሚ ኑሩ ይህን ገምተው የጥንቱን መበየጃ ብረት ነበር ያመጡት፤ በእሳት የሚግል፣ የመዳብ ጫፍ ያለው። በመጋረጃው ስር አሳለፉልኝ። እሳት የት ይገኛል? የነበረው እሳት አንድ ብቻ ነው፤ የሐጃ ቀመር መዳዓ ራስ ላይ ያለው ከሰል።

ሐጃ ብረቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አንድ ረጅም ሳቡ። «አድርጊው» አሉ። «ትንባሆዬን ግን እንዳትነኪ።»

ብረቱን ከሰሉ ላይ ጋደም አደረግኩት። አሚ ኑሩ በመጋረጃው ስር አዲስ ጃክ አሳለፉልኝ፤ ስቀበላቸው ጣቶቻችን ተገናኙ። አዲስ ያልኩት ለእኔ አዲስ ስለሆነ ነው። የጀበል ሐዲድን ተራራ ዞሮ ክሬተር ገበያ ድረስ ሄዶ ለመግዛት ጊዜ አልነበረም፤ ከየት እንዳመጡትም አልጠየቅኩም። ሚክሰሩን ገልብጬ ብሎኖቹን ፈታሁ። ብረቱ ጫፉ ቀይ ሆኗል።

«ግሏል አሚ።»

«እሺ። አሁን ሀቁን ንገሪኝ። ጃኩ ምን ሆነ?»

«አሚ፣ መግሪብ ሊደርስ ነው።»

«ገና ነው። ምን ሆነ?»

«ዝም ብሎ ገባ።»

«ማሻአላህ» አሉ፤ ሳጥናቸው ላይ ተመቻችተው ሲቀመጡ ተሰማኝ።

ተናደድኩ። እንኳን ያኔ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ሐጃ ቀመር ቱቦአቸውን እየሳቡ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ቢያንስ አማርኛ አይሰሙም ብዬ ተጽናናሁ።

«እሺ፣ አንድ ሰው ገመዱን ረገጠው።»

«አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው ነበር?»

«እኔ።»

«ጥሩ፤ ሰውየዋ ተገኘች። ስትራመጂ ነው የረገጥሽው?»

«አዎ።»

«የሚራመድ ሰው ገመድ ቢረግጥ ገመዱ ነው የሚነቀለው። ጃክ የሚሰበረው በጎን ሲጎተት ነው። በጎን የሚሄድ እርምጃ እንዴት ያለ ነው?»

ብረቱን ከሰሉ ላይ ገለበጥኩት።

«ሙና።»

«እየጨፈርኩ ነበር።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ያለ ዘፈን?»

«የዘፈንኩትም እኔ ነኝ። በማይኩ።»

«ሱብሓነላህ። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ሌላስ?»

ከዚህ በኋላ አፌን የሚያስቆመው ጠፋ። የሙሽራዋ ወንበር በአበባ አጊጦ ባዶውን ቆሟል አልኩ። የራሷ ዘውድ በካርቶን ውስጥ አጠገቡ ነበር አልኩ። ካርቶኑን ከፈትኩት፣ ዘውዱን አደረግኩት። ማይኩን ይዤ ከዋናው በር እስከ ወንበሩ ድረስ፣ ለራሴ እየዘፈንኩ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብዬ ገባሁ። ወንበሩ ጋ ስደርስ ለባዶዎቹ ወንበሮች ሰላምታ ለመስጠት ዞርኩ፤ ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ ገመዱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጠመጠመ። ወደቅኩ። ዘውዱ ተንከባሎ ወንበሮች ስር ገባ፤ በእንብርክኬ ስፈልገው ነው ሚክሰሩ ሲጮህ የሰማሁት።

«ለምን አደረግሽው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ነገ ተነገወዲያ ጅዳ የሰው ቤት እየጠረግኩ ልገኝ እችላለሁ አሚ። አንድ ጊዜ እንኳ ልግባ ብዬ ነው።»

ከመጋረጃው ማዶ ሳቅ ሰማሁ፤ አፋቸውን በሽርጣቸው አፍነው የሚስቁት ዓይነት። እኔንም ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ። እፍረቱም ንዴቱም እንዲሁ ፈሰሰና አለቀ።

«ዘውዱ ልክሽ ነበር?» አለ አንድ ድምፅ፣ በጠራ የደሴ አማርኛ።

ዞር ስል ሐጃ ቀመር ቱቦውን ከአፋቸው አውጥተው ያዩኛል። ደሴ ተወልደው፣ እዚያው አድገው፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ወደ አደን እንደተዳሩ በኋላ ነው የሰማሁት። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «ማን ጠየቀኝ?» ነበር መልሳቸው። ያኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ትንሽ ይሰፋኛል» አልኩ።

«ለእሷም ይሰፋታል። ነግሬያቸው ነበር፣ ማን ይሰማኛል? በይ ብረቱ ግሏል፣ አንሺው።»

አነሳሁት። አሚ ኑሩ የጃክን ክፍሎች በሰውነት አካል ነው የሚጠሩት፤ ሶኬቱ የሚገባበት አፉ፣ ውስጥ ያለችው ተጣጣፊ ብረት ምላሱ፣ ዙሪያው ሆዱ። ሐጃ ጃኩን በከሰል መቆንጠጫቸው ጥርቅም አድርገው ያዙልኝ።

«ምላሱን አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ቀዩን ሽቦ ከምላሱ። ራቁቱን ሽቦ ከሆዱ።»

«ዐይብ! ነውር ነው፣ አነጋገርህን አሳምር» አሉ ሐጃ ወደ መጋረጃው።

«ይቅርታ ሐጃ። ልብስ ያልለበሰውን ሽቦ ከሆዱ። ብረቱን አስነኪው፣ የብየዳውን እርሳስ አቅርቢ፣ ሲቀልጥ ብረቱን አንሺ፣ እፍ አትበዪ። እፍ ካልሽ ይኮማተራል።»

እርሳሱ ቀለጠ፣ ጠብ አለ፣ አበራ፣ ደረቀ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሽታው የብየዳና የትንባሆ ነበር፤ እስከ ዛሬ ብረት ባነሳሁ ቁጥር ሐጃ ቀመር አጠገቤ ያሉ ይመስለኛል። ብሎኖቹን መልሼ ሳጠብቅ የመግሪብ አዛን አለ፣ ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ማይኩን ሰክቼ «አሎ» አልኩ። አዳራሹ በሙሉ «አሎ» አለ።

ከመጋረጃው ማዶ «ፊኒሽ» የሚል ድምፅና ሳጥን ሲገፋ ተሰማ። ስወጣ ሄደዋል።

ሙሽራዋ ዘውዱ ጆሮዋ ላይ እየወረደባት ገባች፤ የዘፋኟ ድምፅ ግን አንዴም አልተቆረጠም። በዚያው ቀን ሦስት ሴቶች ቁጥሬን ጠየቁኝ፤ አንዷን ሐጃ ራሳቸው ጎትተው ነው ያመጧት። ሙስጠፋ በሳምንቱ መሳቢያውን ከፍቶ ፓስፖርቴን ምንም ሳይል ሰጠኝ። ጅዳ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አሚ ኑሩ ሱቅ እየሄድኩ መማር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ጃኩ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ጥግ ላይ ወደተቀመጠ ትንሽ ድምፅ ማጉያ በአገጫቸው ጠቆሙኝ። የሰልማን ነበር። ሰልማን በጋሪ አይስክሬም የሚሸጥ ጎረቤታችን ነው፤ በማይክ እየጮኸ ነው ልጆቹን የሚጠራው። ለፊውዝ ብቻ አምጥቶት ነበር። አሁን ፊውዙ ደህና ነው፣ ጃኩ ግን የለም፤ የእኔ ሚክሰር ውስጥ ነው። ያንን ዓይነት ጃክ ሼክ ዑስማን ውስጥ የሚሸጥ አልተገኘም።

«እንነግረዋለን?» አልኩ።

«ሲገኝ» አሉ።

ሰልማን በማግስቱ መጣ። አሚ ኑሩ ጊዜ ለመግዛት ያላቸው ዘዴ አንድ ብቻ ነበር።

«ሰልማን፣ ሀቁን ገና አልነገርከኝም።»

ያ ምስኪን ሰው ተቀመጠ። ማጉያው ላይ የማንጎ ጭማቂ እንዳፈሰሰ አመነ። «ሌላስ?» አሉት። በሁለተኛው ቀን ሚስቱን ምሳ እንድታመጣ በማጉያው እንደሚጠራት ተናገረ። «ሌላስ?» በሳምንቱ ሙዝና ቫኒላ የሚላቸው አይስክሬሞች አንድ መሆናቸውንና ልዩነታቸው ቀለም ብቻ መሆኑን ነገራቸው። በሁለተኛው ሳምንት ወተቱን በውሃ እንደሚያቀጥን። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሲያገባ ለአማቱ ዕድሜውን በስምንት ዓመት ቀንሶ እንደነገራቸውና እስከ ዛሬ ፀጉሩን ተደብቆ እንደሚቀባ። እኔ ጥግ ላይ ሽቦ እየላጥኩ መሬት መሬት አያለሁ። የመጨረሻውን ሲናገር ጃኩ በአንድ ሾፌር እጅ ከሙከላ ከተማ መጣልን። «አሁን ነው ሀቁን ያመጣኸው» አሉት አሚ ኑሩ፤ በዚያኑ ቀን ማጉያው ተጠገነ። ሰልማን ማጉያውን ታቅፎ «እውነትም እውነት ዕቃ ይጠግናል» እያለ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወተቱን ማቅጠኑን ተወ። ቃሂራ እንደዚያ ያለ አይስክሬም በልቶ አያውቅም።

«አሚ» አልኳቸው በዚያ ቀን፣ «ይህ ሀቅ የሚባለው ነገር ብልሽቱን ለማግኘት ይረዳል?»

«የለም» አሉ። «ብልሽቱን ስከፍተው አየዋለሁ።»

«ታዲያ ሰዉን ለምን ያስለፈልፉታል?»

«የእኔ ባትሪ ደካማ ነው፤ ብረቱ እስኪግል ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ዝም ብሎ ፊት ለፊት መቀመጥ ደግሞ ይደብራል።»

ለሁለት ቀን አላናገርኳቸውም።

ዓመታት አለፉ። እኔ ሥራው በዛልኝ፤ ሱቃቸው ግን ተዘጋች፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ። ባለፈው ዓመት አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ ከሰዓት ሬዲዮአቸውን ልጠግንላቸው ሄድኩ። ልጃቸው ሀያት ብረቱን ሰካችልኝ፣ እስኪግል አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ለዓመታት ሲከነክነኝ የኖረውን የጠየቅኳቸው።

«አሚ፣ በዚያ ሠርግ ቀን ብረቱ ግሎ ነበር። በሐጃ ከሰል ላይ ቀይ ሆኖ ነበር። ምን ያስጠብቅዎት ነበር?»

ቀኝ እጃቸውን ከአንሶላው ላይ አነሱት። እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጣል።

«በመጋረጃው ስር ጃኩን ስሰጥሽ እጅሽ እንዲህ ነበር» አሉኝ። «ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው እጁ እንዲህ ይሆናል፤ ሲናገረው ይረጋል። በዚያ እጅ ብረት ብትይዢ ኖሮ የሚክሰሩን ሰሌዳ አቃጥለሽው፣ አንቺም ጅዳ ነበርሽ። ስለዚህ እስኪረጋ ጠበቅኩ።»

ዕድሜ ልኬን ያሾፉብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ይጠብቁኝ ኖሯል። እጃቸውን ያዝኳት። እጄ ውስጥም መንቀጥቀጧን አልተወችም።

«የእኔ የዕድሜ ነው፣ አትጠርጥሪ» አሉ። ትንሽ ቆዩና «ሁሉም የዕድሜ አይደለም» ብለው ጨመሩ። «ሰልማንን ጥሪልኝ። አውፍ፣ ይቅር ይበለኝ። ነገ ከዚያ ስደርስ ሀቁን አምጣ ብባል ምን እላለሁ? ንጹሕ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ አስለፈለፍኩ፤ ሌባው እኔ።»

ሰልማን ጋሪውን በር ላይ አቁሞ፣ ለእሳቸው በኩባያ አይስክሬም ይዞ ገባ። አሚ ኑሩ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ማንኪያው ሰልማን እጅ ላይ ቀረ።

«ጃኬን?»

«ጃክህን።»

«ታዲያ እኔ ስለ ዕድሜዬ... ስለ ፀጉሬ የነገርኩዎት...»

«ጃኩ እስኪመጣ ነው ወንድሜ።»

ተነሳ። ተቀመጠ። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

ሬዲዮውን ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ግን እኔም ተናገርኩ፤ ጃኩ የት እንደገባ፣ ያ ሠርግ ምን እንደነበረ፣ ፓስፖርቴ የት እንደነበረ። ሰልማን አይስክሬሙ በእጁ ላይ እየቀለጠ ሰማኝ።

«ጅዳ ትሄጂ ነበር?»

«በሳምንቱ።»

ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ኩባያውን አልጋው አጠገብ አስቀመጠና የአሚ ኑሩን ግንባር ሳመ። «አውፍ ብያለሁ አሚ፣ ለአላህ ብዬ» አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ተመለሰ። ፊቱ እንደዚያ ሦስተኛው ሳምንት ሆኗል።

«አሚ፣ ያኔ የነገርኩዎትን ግን... ያስታውሱታል?»

«ሁሉንም ረስቼዋለሁ» አሉት አሚ ኑሩ።

የሰልማን ፊት በራ፤ ጋሪውን እየገፋ፣ በማይኩ እየጮኸ ሄደ። እሱ አላየም እንጂ፣ እኔ አይቻለሁ፤ አሚ ኑሩ ይህን ከማለታቸው በፊት ያቺን እጃቸውን አንሶላው ስር ከተዋት ነበር።